በሠላሳ አራት ዓመቷ

ይድረስ ለምወድሽ እህት ዓለሜ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ለመጨረሻው ደብዳቤሽ መልስ ሳልሰጥ ይህን ያህል ዓመት ዝም ማለቴ ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅር በይኝ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ፣ በትምህርት ቤታችን ሜዳ አብረን የወረወርነውን ዲስከስ እስከ 45 ዓመቷ ከእጇ ያልለየች የአንዲት ፈረንሳዊት ታሪክ ነው፤ ሜሊና ሮበር ሚሾን ትባላለች።

እ.ኤ.አ. በ1979 በቭዋሮን ከተማ የተወለደችው ይህች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተወዳደረችው በ2000 በሲድኒ ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ቆይታ 65 ሜትር ከ78 ሴንቲ ሜትር በመወርወር የአገሯን ክብረ ወሰን ያዘች። እኔን ያስደነቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያ ክብረ ወሰን 11 ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ሳይል ቆየ፤ ራሷም አላለፈችውም። በመካከሉ በ2010 የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ከወሊድ በኋላ ወደ ሜዳ ተመልሳ፣ በ2013 በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና በ34 ዓመቷ 66 ሜትር ከ28 ወርውራ ክብረ ወሰኗን አሻሻለች፤ የብር ሜዳሊያም አገኘች። በ2016 ደግሞ በሪዮ ኦሊምፒክ 66 ሜትር ከ73 ወርውራ፣ ከክሮኤሺያዊቷ ሳንድራ ፔርኮቪች ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣች።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ያ አንድ ኪሎ ዲስከስ በመዳፍ አይጨበጥም፣ የጣቶች ጫፍ ብቻ ጠርዙን ይዞት በሁለት ሜትር ተኩል ክበብ ውስጥ እየዞሩ ወገብን አስቀድሞ ክንድን ማስከተል ነው። ክንድ ከቀደመ ውርወራው ይበላሻል። መምህራችን ሺህ ጊዜ ሲነግሩን ለእኔ ፈጽሞ አልገባኝም ነበር፤ አንቺ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ገባሽ።

ሜሊና በ2017 በለንደን የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ወስዳ በዓመቱ ሁለተኛ ልጇን ወለደች፤ ከዚያም በኋላ አላቆመችም። በ2024 ለሰባተኛ ጊዜ ለኦሊምፒክ ስትቀርብ በገዛ አገሯ ነበር፤ በፓሪሱ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት፣ በሴን ወንዝ ላይ በዚያ ሁሉ ዝናብ ከዋናተኛው ፍሎሮን ማኖዱ ጋር የፈረንሳይን ባንዲራ ይዛ አየኋትና አለቀስኩ። ከዚያም በውድድሩ ለፍጻሜ ደረሰች።

ያለቀስኩት ስለ አንቺ ነው። የበኩር ልጅሽን ወልደሽ ሜዳውን ስትሰናበቺ «ደግ አደረግሽ፣ ከእንግዲህ የእናት ሥራ አይደለም» ያልኩሽ እኔ ነበርኩ፤ ምንም አልመለስሽልኝም፣ እኔም ዝምታሽን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት። ያን ቃሌን ባስታወስኩት ቁጥር ያሳፍረኛል። ያ ጠርዙ የተላላጠ የእንጨት ዲስከስሽ አሁንም ከቤትሽ አለ? ካለ ጻፊልኝ፤ ለፋሲካ እመጣለሁ።

አክባሪሽና ናፋቂሽ እህትሽ