ደብዳቤ ለልጄ፦ ከፖርት አንቶኒዮ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? እኔና አባትሽ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነን። ይህን የምጽፍልሽ ከጃማይካ፣ በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ካለችው ከፖርት አንቶኒዮ ከተማ ነው። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ነገር ግን ስንደዋወል አንቺ ወይ ወደ ሥራ እየነዳሽ ነው፣ ወይ ደክመሽ ገብተሽ ነው። ደብዳቤ ሲሆን ቁጭ ብለሽ ታነቢዋለሽ፤ ለባለቤትሽም ታነቢለታለሽ። እንድታነቢለት እፈልጋለሁ፤ ነገሩ የሁለታችሁ ነውና።

ባለፈው «እኛም ዕረፍት መውጣት አምሮናል፤ ግን መጀመሪያ ቤቱን እንግዛ» ያልሽኝ ከሐሳቤ አልወጣም። አንቺ ቀን ሆስፒታል፣ እሱ ሌሊት መጋዘን፤ በር ላይ ቁልፍ እየተቀባበላችሁ የምትኖሩትን ኑሮ እኔና አባትሽ ኖረነዋል። እናንተን ስናሳድግ እሱ ከሌሊት ፈረቃ ሲገባ እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። በዚያች መተላለፊያ የምንነጋገረው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤታችሁ፣ ስለ መኪናው ፍሬን ነበር። መዋደዱ አልጎደለም። የጎደለው ሁለታችንም ነቅተን፣ ሁለታችንም ሥራ ፈትተን የምንተያይበት ሰዓት ነበር። እዚህ ያገኘነው ያንን ነው፤ ለዚህ ነው ያየሁትን ዘርዝሬ የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ያረፍነው በሞንቴጎ ቤይ በኩል፣ ምግቡም መጠጡም መዝናኛውም በአንድ ሒሳብ ከሚከፈልባቸው ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ነው። ንጹሕ ነው፤ ሠራተኞቹም ትሑታን ናቸው። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሙዚቃው ይጮሃል፤ ግቢው ታጥሯል፤ ብዙው እንግዳ ከአውሮፕላን ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ አውሮፕላን ነው። አገር ሳያዩ አገር አየሁ ማለት አይሆንልኝም። አባትሽም እንደ እኔ ስለተሰማው ሾፌር ይዘን በሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ተጓዝን። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ መንገዱም ጠመዝማዛ ስለሆነ አባትሽ ሾፌር እንያዝ ማለቱ ተገቢ ነበር። በኦቾ ሪዮስ በኩል ስናልፍ የደንስ ሪቨርን ፏፏቴ አየን። ወደ 180 ሜትር የሚረዝም፣ በደረጃ በደረጃ እየወረደ ባሕር ውስጥ የሚገባ ውሃ ነው፤ ጎብኚዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሽቅብ ይወጡበታል። ያምራል፤ ሕዝቡ ግን ይበዛል፤ ብዙም አልቆየንም።

ፖርት አንቶኒዮ ሌላ ናት። ትንሽ ከተማ ነች፤ ሁለት ወደቦች አሏት፤ ከኋላዋ ብሉ ማውንቴን የሚባለው ተራራ ቆሟል። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ከተራራው ጋር ሲጋጭ ደመናው እዚሁ ይራገፋል፤ ስለዚህ ከደሴቲቱ ሁሉ ዝናብ የሚበዛበት ይህ የፖርትላንድ አውራጃ ነው፤ አረንጓዴነቱም ለዓይን ይከብዳል። ድሮ ከዚህ ወደብ ሙዝ በመርከብ ወደ አሜሪካ ይጫን ነበር። ሙዙን ከተራራው ሥር ወደ ባሕር የሚያወርዱት በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ላይ፣ በቀርከሃ ታንኳ ነበር። የሙዙ ንግድ ሲቀዘቅዝ ታንኳው ቀረ፤ አሁን ሰው ያንሸራሽራል።

አባትሽ ታንኳ የሚለውን ሲሰማ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። የጣና ልጅ ነው! ረጃጅም ቀርከሃዎች ጎን ለጎን ታስረዋል፤ ከበስተኋላ ለሁለት ሰው ብቻ የሚሆን ከፍ ያለ መቀመጫ አለ፤ ከፊት ደግሞ «ካፒቴን» የሚሉት ቀዛፊ ረጅም እንጨት ይዞ ቆሞ የወንዙን ወለል እየገፋ ይነዳል። አባትሽ ከመሳፈሩ በፊት ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ፈተሸ፣ ቀርከሃውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጣና ላይ በደንገል እንደሚሠራ፣ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ እንደሚቀየር ለካፒቴኑ ነገረው። ካፒቴኑ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። የእነሱም ቀርከሃ ውሃ እየገባበት ስለሚበላሽ በየጥቂት ወሩ አዲስ እንደሚያስሩ አጫወተው። በዚያው ተግባቡ።

ጉዞው ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ውሃው አንዳንድ ቦታ ጠጠሩ እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ያለ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጥልቅና አረንጓዴ ነው። በሁለት ቋጥኞች መካከል የሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ የፍቅረኞች ጎዳና ይሉታል። እዚያ ሲደርስ ካፒቴኑ መቅዘፉን ትቶ ፊቱን ወደ ፊት አዞረና ዝም አለ። እኔና አባትሽም ዝም አልን። በኋላ ወንዙ ሰፍቶ ሲረጋጋ አባትሽ ተነሥቶ እንጨቱን ለመነው። ሰውየው እጁን አይቶ ሰጠው። ልጄ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆሞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እንጨቱን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየወጋ ሲነዳን ብታይው! በተዋወቅንበት ዘመን የነበረው ወጣት ነው የቆመልኝ። ካፒቴኑ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠና «ይህ ሰው ሥራ ይፈልጋል ወይ?» አለኝ።

ወንዙ ዳር ሴቶች በትልልቅ ድስት ዶሮና ዓሣ ያበስላሉ፤ ታንኳው ቆሞ ይበላል። ከወንዙ በላይ ያለው ጫካ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች፣ ማሩኖች የሚሏቸው፣ እንግሊዞችን የተዋጉበት ነው። መሪያቸው ናኒ የምትባል ሴት ነበረች፤ ዛሬ ምስሏ በ500 የጃማይካ ዶላር ኖት ላይ አለ። እንግሊዞች ማሸነፍ ሲያቅታቸው እ.ኤ.አ. በ1739 ከማሩኖቹ ጋር ውል ለመዋዋል ተገደዱ። ይህን ታሪክ የነገረን ካፒቴኑ ነው፤ የእናቱ ወገኖች ከዚያው ከላይ ከሙር ታውን ናቸው።

ስለ ምግቡ ሳልነግርሽ አላልፍም። ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ጠዋት ጠዋት አኪ ትሠራልናለች። አኪ ቀይ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ራሱ ተፈልቅቆ እስኪከፈት ድረስ አይነካም፤ ጥሬው መርዝ ነው። ሲከፈት ሦስት ጥቁር ፍሬዎችና ቢጫ ሥጋ ይወጣዋል፤ ቢጫውን ቀቅለው ከደረቅ ጨዋማ ዓሣ፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ይጠብሱታል። ሲያዩት የእንቁላል ፍርፍር ይመስላል። ጀርክ የሚሉትን ዶሮ የበላነው ደግሞ ቦስተን ቤይ ነው፤ ፒሜንቶ የተባለውን ዛፍ እርጥብ እንጨት ከፍም በላይ ደርድረው፣ ሥጋውን አስተኝተው፣ በቆርቆሮ ይከድኑታል። ጭሱ ነው የሚያበስለው። አባትሽ ሚጥሚጣ አልጠየቀም።

ረቡዕ ሲደርስ «እንግዲህ ምን ልንበላ ነው?» ብዬ ተጨንቄ ነበር። ራስ ተፈሪያውያን ግን ሥጋና ወተት የሌለበት የራሳቸው ምግብ አላቸው፤ አይታል ይሉታል። ስኳር ድንች፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ሁሉም በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ፣ ብዙ ጊዜ ጨው ሳይገባበት። ባለ ምግብ ቤቱ ከኢትዮጵያ መሆናችንን ሲሰማ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ አስቸገረን፤ አባትሽ በግድ አስያዘው።

ቅዳሜ ወደ ኪንግስተን ሄደን አደርንና እሑድ በማክስፊልድ ጎዳና ባለችው በቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያናችን አስቀደስን። ነጠላ የለበሱ ጃማይካውያን ግዕዙን ከእንግሊዝኛው ጋር እያፈራረቁ ሲቀድሱ እንባዬ መጣ። የቦብ ማርሌ የቀብር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1981 በአቡነ ይስሐቅ መሪነት የተፈጸመው በዚሁ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው፤ ሲጠመቅ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት አሮጊት እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃንሆይ ሲመጡ ልጅ ሆና በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና አይታለች። ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ሲከብበው ጃንሆይ በቶሎ መውረድ አልቻሉም፤ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለው የራስ ተፈሪያውያን ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን መንገድ አስለቀቀላቸው። ያ ቀን ለራስ ተፈሪያውያን እስካሁን በዓል ነው። እነሱ ጃንሆይን የሚያዩበት ዓይን የእኛ እምነት አይደለም፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ፍቅራቸውን ግን ማቃለል ነውር ነው።

የሴትዮዋ ወንድም ሻሸመኔ ሄዶ፣ እዚያው አርጅቶ፣ እዚያው ተቀብሯል። እሷ አገሩን አይታው አታውቅም። «ምን ይመስላል? ይበርዳል? መንገዱስ?» ብላ ጠየቀችን። አባትሽ ከጎኗ ተቀምጦ ስለ ጋሪዎቹ፣ ስለ በቆሎው ማሳ፣ ስለ ባሕር ዛፉ፣ ወደ ሐዋሳ ስለሚወስደው መንገድ አንድ በአንድ ነገራት። ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታዳምጠው። አባትሽ እንዲህ ተረጋግቶ ሲያወራ ከሰማሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ቤት ሲሆን ንግግሩን ሳይጨርስ ሰዓቱን ያያል።

ስንመለስ በተራራው መንገድ በቡናው አገር መጣን። ቡናውን እ.ኤ.አ. በ1728 ኒኮላስ ሎውስ የተባለ የቀድሞ የእንግሊዝ ገዥ ከማርቲኒክ ደሴት አስመጣው ይላሉ፤ ከእኛ ጫካ ተነሥቶ በየመን በኩል ስንት ባሕር ተሻግሮ እዚህ ደረሰ! የተራራው ጫፍ 2,256 ሜትር ነው፤ ቡናው ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ በጉም ውስጥ ይበቅላል። በጆንያ ሳይሆን በእንጨት በርሜል ይሸጡታል፤ ብዙውን የሚገዛው ጃፓን ነው። ለስላሳ ነው፤ ምሬት የለውም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለእኔ የይርጋ ጨፌው ይበልጣል፤ ዋጋውም አይገናኝም።

ከሁሉ ግን ልቤ ላይ የቀረው ብሉ ላጉን የሚባለው የባሕር ዳር ጥልቅ ውሃ ነው። ከሥር ቀዝቃዛ ምንጭ ይፈልቃል፤ የባሕሩ ሞቃት ውሃም ይገባበታል፤ ቀዝቃዛውና ሞቃቱ ሰውነትሽ ላይ ይፈራረቃሉ። ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። መዋኘት እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለብሼ፣ አባትሽ ከጀርባዬ እጁን ደግፎኝ ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ተንሳፈፍኩ። ምንም አልተነጋገርንም። የሚቸኩልበት ጉዳይ ያለው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ቤቱን መግዛታችሁን አልቃወምም፤ ግዙ። ነገር ግን ቤቱ ሲገዛ ዕዳው ይመጣል፤ ዕዳው ሲቀል ልጅ ይመጣል፤ ፈረቃው ግን በራሱ አይገናኝም። እናንተ ናችሁ የምታገናኙት። ሁለታችሁም የዓመት ፈቃዳችሁን በአንድ ሳምንት ጠይቁ፤ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ አለቆቻችሁ ቀድሞ የጠየቀን ነው የሚሰሙት። ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ አትምጡ። ጥምቀትን አክብራችሁ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ አየሩም ደስ ይላል። ከማያሚ ሁለት ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው። በቀጥታ ወደ ኪንግስተን ብሩና በዚያው ወደ ፖርት አንቶኒዮ ኑ። ቀኑን በፕሮግራም አትሙሉት። አንድ ቀን ወንዙ፣ አንድ ቀን ላጉኑ ይበቃል፤ የቀረውን ተኙ፣ ብሉ፣ አውሩ። ባለቤትሽ ስልኩን ሻንጣ ውስጥ ይቆልፍ፤ አንቺም እንደዚሁ።

የአውሮፕላን ትኬቱን እኔና አባትሽ እንቆርጥላችኋለን። ተማክረን ወስነናል፤ ክርክር አልቀበልም። ለቤቱ ያስቀመጣችሁትን አትንኩ። የእንግዳ ማረፊያዋን ባለቤትም አነጋግሬያታለሁ፤ ወደ ባሕሩ የሚያየውን ክፍል ትይዝላችኋለች። የሚቀረው ቀኑን መንገር ነው፤ እሑድ ማታ ስደውል ቀኑን ይዘሽ ጠብቂኝ።

አባትሽ «ካፒቴኑን ሰላም በሉልኝ በያት» ይላል። ባለቤትሽን ሳሚልኝ። እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።

የምትወድሽ እናትሽ