የድሬን ግቢዎች አሳዩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ጉዳዬ የግቢ አትክልት ነው።

በግንቦት ከለገሃር ወደ ከዚራ የሚመጣ ሰው የድሬዳዋ ዛፍ በቀይ አበባ ተሸፍኖ ያገኘዋል። ዛፉ መነሻው ማዳጋስካር ነው፤ በአገራችን ግን በእኛ ከተማ ስም ይጠራል። እሱ የመንገድ ነው፣ ሁሉም ያየዋል። ሌላው ውበታችን ከአጥር ጀርባ ነው ያለው። ከቆርቆሮው በር በላይ የጊሽጣ ቅርንጫፍ ብቅ ይላል። ማታ ማታ ጃስሚን ይሸታል። ማን እንደተከለው፣ በዚህ ሙቀት እንዴት እንዳሳደገው ግን አናውቅም።

በሬዲዮና በቴሌቪዥን የምንሰማው ምክር ብዙውን ጊዜ ለአዲስ አበባ አየር የሚሆን ነው። ለኛ አይሠራም። እህቴ እንኳን እዚሁ ሐረር ነው የምትኖረው። የሷ ጽጌረዳ ሲያብብ የኔው ከሚያዝያ ጀምሮ የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ እኛ 1,200 አካባቢ ነን። የድሬን ወቅት የሚያውቀው ድሬ ላይ የተከለ ሰው ነው።

እስቲ እኔ የማውቀውን ልናገር። ቡገንቪሊያ ውሃ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ አበባ ከፈለጋችሁ በበጋ ጠማው ብላችሁ ውሃ አታብዙበት። ጊሽጣ ቅጠሉን ሲያረግፍ ደረቀ ብላችሁ እንዳትቆርጡት፤ የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ያቆጠቁጣል። ፓፓያ ወንድና ሴቱ ሳያብብ አይለይም። ስለዚህ ብዙ ችግኝ ትከሉ፤ ሲያብብ ከወንዶቹ አንዱን ብቻ ትታችሁ የቀሩትን ወንዶች ንቀሉ። ሎሚ ላይ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ትንንሽ ተባይ) ከወጣ የኒም ቅጠል ወቅጣችሁ፣ ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ፣ አጥልላችሁ እርጩበት። ኒም እንደሆነ በየመንገዱ ሞልቷል። ውሃችን የከርሰ ምድር ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ማሰሮ ውስጥ ባለ አፈር ላይም ይጋገራል። እኔ በክረምት የጣራውን ውሃ በበርሜል እይዝና የማሰሮዎቹን አፈር በሱ አጥባለሁ።

ይህን አብዛኛውን የተማርኩት ባለቤታቸው ባቡር ላይ ይሠሩ ከነበሩ አንዲት ጎረቤቴ ነው። ቀን ቀን በራቸው ተዘግቶ አያውቅም ነበር። አረፋ ሲደርስ የሰፈሩ ልጃገረዶች ሂና ሊቀጥፉ እሳቸው ግቢ ይሰበሰቡ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ግቢው ተሸጠ፣ ሮማኑም ተቆረጠ። ደግነቱ ቁራጭ ወስደን ተክለን ስለነበር ያ ሮማን ዛሬም በሰፈራችን አለ። ቁራጭ ያልሰጡለት፣ እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ስንት ነገር እንደቀረ ሳስብ ግን ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኼ ነው። በየወቅቱ አንድ ጊዜ፣ ማለትም በጥቅምት፣ በጥር፣ በሚያዝያና በሐምሌ፣ ለግቢ አትክልት ትንሽ ቦታ ስጡን። አንባቢ ፎቶ ይላክ፣ ምን እንደበቀለለትና ምን እንደደረቀበት ይጻፍ። ከሳቢያንም፣ ከመጋላም፣ ከገንደ ቆሬም እንስማ።

እኔ በበኩሌ ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት እሑድ እሑድ ከሰዓት በሬን ለጎረቤት እከፍታለሁ። የሂናና የሮማን ቁራጭ በላስቲክ ተክዬ አዘጋጃለሁ። የምትመጡ ያላችሁን ይዛችሁ ኑ። ነጭ የሚያብብ ቡገንቪሊያ ያለው ሰው ካለ ደግሞ አንድ ቁራጭ እለምናለሁ፤ ብዙ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የከዚራ ነዋሪ፣ ድሬዳዋ