«ጎመንህን ተንከባከብ» ላልሽኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018

ለእህቴ ለሙሽሪት፣

ሰላምታውን በኋላ አደርሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ስልኩ።

«ለጎመን ጊዜ አለህ፣ ለእናትህ የለህም። ሂድና ጎመንህን ተንከባከብ» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ይኸው ሳምንት ሙሉ መልስ ስፈልግ ከረምኩ። በአፍ አንቺን መርታት እንደማልችል ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። የምልከው በቴሌግራም ነው፣ አንቺ ግን እንደ ደብዳቤ ቁጠሪው። ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንቢላት። አታንቢ ያልኩሽን ቦታ ብቻ ዝለይ።

ጠፍቻለሁ፣ አልክድም። ከመስቀል እስካለፈው ሳምንት አንድም ቀን አልደወልኩም። ግን እናንተስ? የእማዬ ዓይን ሞራ ለብሶ፣ ቀጠሮ ተይዞ፣ ተገፎላት ቤቷ ከገባች በኋላ ነው እኔ የሰማሁት። ያውም ከጎረቤት ልጅ፣ በፌስቡክ። «እንዳትጨነቅ ብለን ነው» አላችሁኝ። እሷን አባባል አውቃታለሁ። እኔም ስንት ጊዜ ተጠቅሜባታለሁ።

ገንዘቡ ደረሰ? 300 ዶላር ነው። ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ለሠርጉ የሚሆነውን ለብቻው በታኅሣሥ እልካለሁ። ይቺ የእማዬ ጠብታና መነጽር ናት። ቬሎ ላይ እንዳትውል አደራ።

አሁን ወደ ጎመኑ። እማዬ የላኩላችሁን የጎመን ፎቶ አይታ «ዝናቡ ሄዶ ጎመን ምን ይሠራል?» ብላለች አሉ። እውነቷን ነው። እኛ ጓሮ ጎመን የሰኔ ዝናብ ልጅ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። እናንተ በነሐሴ ጭጋግ ተከናንባችሁ ምድጃ ከባችሁ ስትቀመጡ፣ እኛ 35 ዲግሪ ላይ እንጠበሳለን። ሰመር ይሉታል። ሙቀቱ የደብረ ብርሃን ልጅ የሚችለው አይደለም። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣም እንደኔ ደገኞች ናቸው፣ አይችሉትም። ጎመኑ ይመርራል። ሰላጣው አንገቱን አስግጎ ያብብና አለቀለት።

ዘዴው ምን መሰለሽ፣ በሙቀቱ ማብቂያ ትተክያቸዋለሽ፣ በብርዱ ይደርሳሉ። ለዚህ ደግሞ ቀን የሚቆጠረው ወደ ኋላ ነው። በእኛ አካባቢ የመጀመሪያው አመዳይ ብዙ ጊዜ በጥቅምት ማገባደጃ ግድም ይወድቃል። እኔ ጥቅምት 20 ብዬ ያዝኩ። የዘሩ ፓኬት ላይ ጎመን በ60 ቀን ይደርሳል ይላል። ቀኑ እያጠረ ስለሚሄድ ሁለት ሳምንት ግድም ጨምሪበት። 75 ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሪ ነሐሴ 10 ላይ ታርፊያለሽ። ካሮቱ ይዘገያልና ነሐሴ 1፣ ፍልሰታ የሚገባ ዕለት ዘራሁት። መጀመሪያ ስቆጥር ጳጉሜንን ረስቻት አምስት ቀን ተሳስቼ ነበር። አሥራ ሦስት ወር ባለው አገር ተወልጄ! ለእማዬ ይህን ስታነቢ ትስቃለች።

ቀኑ ያጥራል ያልኩትን ግን አታምንም። እናንተ ጋ ዓመቱን ሙሉ ሲነጋና ሲመሽ ያው ነው ማለት ይቻላል። እዚህ በሰኔ ቀኑ ወደ 15 ሰዓት ይረዝማል። አሁን 10 ሰዓት ግድም ነው፣ በታኅሣሥ ከዚያም ያንሳል። ያን ጊዜ ተክሉ አይሞትም፣ አያድግምም። ባለበት ቆሞ ይጠብቃል።

መሬቱ የኔ አይደለም። ካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ በዓመት ኪራይ የሚሰጠው ቁራሽ ነው፣ የሳሎናችንን ያህል። አፈሩ ቀይ ሸክላ። አጋዘን አጥር ዘሎ ይገባል። ነጭ ቢራቢሮ ጎመኑ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያ አረንጓዴ ትል ቅጠሉን ወንፊት ያደርገዋል። ነጠላ የመሰለ ስስ ጨርቅ አለበስኩት። የካሮቱን መደብ ደግሞ አፈሩ ደርቆ ዘሩ እንዳይቀር በጣውላ ከደንኩት። በየማታው ጣውላውን ገለጥ አድርጌ አየው ነበር፣ ልክ እማዬ ሊጡን እንደምታየው። በስምንተኛው ቀን ብቅ አለ። የሰላጣው ጉዳይ አያድርስ ነው። መሬቱ ከጋለ ዘሩ ተኝቶ ይቀራል። ሁለት ጊዜ ዘርቼ ባዶ። ሦስተኛውን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ምግብ መስሎት ሊከፍተው ነበር።

ጎመኑ የእማዬ ጎመን አይደለም። አምና በሰው የላከችልኝን ዘር ኤርፖርት ላይ ወሰዱት። በርበሬው አለፈ፣ ዘሩ ቀረ። ይኼኛው ኮላርድ የሚሉት ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ጎመን ነው፣ የዚህ አገር ሐበሻ ቤትና ሬስቶራንትም የሚሠራው በሱ ነው። ጎረቤቴ መደብ ላይ አንዲት የደቡብ ካሮላይና ባልቴት አሉ። «አመዳይ ሳይነካው እንዳትቀጥፍ» እያሉ ያስጠነቅቁኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ጎመን ብርድ ሲያገኘው በረዶ እንዳይሆን ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፣ ይጣፍጣል። እሳቸው ከምን ጋር እንደሚቀቅሉት ግን ለእማዬ አልናገርም። አንድ ቀን በድስት አምጥተውልኝ «ጾም ነው» ብዬ አመለጥኩ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ አታንቢ።

የምሠራበት የመኪና ፓርኪንግ ላይ ከመስከረም ጀምሮ ሰዓት ቀነሱብኝ። አምስት ሌሊት የነበረው ሁለት ሆነ። የቤት ኪራይ ግን አልቀነሰም። ብደውል ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር፣ እማዬ ደግሞ «ሃሎ» ስል ብቻ ሁሉን ታውቃለች። ጎመኑ ያማረው ለዚያ ነው። ጊዜ ነበረኝ። አሁን ሌላ ቦታ የቀን ሥራ አግኝቻለሁ፣ ሰኞ እጀምራለሁ፣ አትጨነቂ። (ይኸው፣ ያቺኑ ቃል ደገምኳት።)

ሁለተኛው ነገር። ለጥር፣ ለሠርግሽ አልመጣም። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ነው፣ አሁን ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ለእማዬ «ፈቃድ ከለከሉት» በያት። አባዬ ካረፈ ጀምሮ አንቺን የምድረው እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ፊት ምን እንደምናገር ሁሉ ተለማምጄ ነበር፣ መኪና እየጠበቅሁ በሌሊት፣ ብቻዬን። አጎታችን ይቁም። ግን ንግግሩን አሳጥርለት በይው፣ እሱ ከጀመረ ምሳው ይበርዳል። የምታገቢውንም ልጅ ሰላም በይልኝ። በቪዲዮ ያየሁት አንዴ ነው፣ ሲስቅ አባዬን አስታወሰኝ። ብሽቅ ቢሆን ኖሮ እነግርሽ ነበር።

ከዚህ ጀምሮ ጮክ በይ።

እማዬ፣ ዓይንሽን አትሺው። ጭስ ካለበት ራቂ፣ እንጀራውን ለጊዜው ሌላ ሰው ይጋግር። ዝም ብለሽ እንደማትቀመጪ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ የከተትሽውን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ታስታውሻለሽ? ኪሎ በዛ ሲሉኝ ጫማዬን አውጥቼ እሱን ያስቀረሁት? ባለፈው ሳምንት አመዳይ ይወድቃል ሲባል የማለብሰው ሌላ ነገር አጣሁና ሰላጣው ላይ ዘረጋሁት። እንዳትቆጪኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ሊነጋጋ ሲል ሄድኩ። ብርድ ልብሱ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጭቷል። ሳራግፈው እጄ ደነዘዘ። ልክ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ላይ ባልዲ ይዘን ውኃ ልንቀዳ የምንወጣበት ጠዋት ነው። አባዬ ባቄላውን ሊያይ ቀድሞን ይወጣ ነበር፣ ሲመለስ ፊቱን አይተን ምን እንደተቃጠለ እናውቅ ነበር። እኔ ሰላጣውን ገልጬ አየሁት። ደህና ነው። ጎመኑ ምንም አልለበሰም፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቀና አለ። ያን ቀን ቀጥፌ ሠራሁት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ብቻ። እማዬ፣ ጣፍጦ ነበር። የቤታችንን አልሆነም እንጂ።

ካሮቱን ነቅዬ በባዶው መደብ ነጭ ሽንኩርት ተከልኩ፣ 60 ፍሬ። እሱ ደግሞ የብርዱን ወራት ከመሬት በታች ከርሞ በሰኔ ነው የሚነቀለው።

አሁን የምጠይቅሽ ይኼን ነው። ጎመኑን እንዳስተማርሽኝ ከታች ከታች ነው የምቀጥፈው፣ ጫፉን አልነካም። ቅጠሉ ሲያልቅ ግንዱን ልንቀለው ወይስ ልተወው? ባልቴቷ ተወው ይላሉ። እኔ ያንቺን ነው የምሰማው። ሙሽሪት፣ አንቺ እንዳትጽፊልኝ፣ ራሷ በድምፅ ትቅዳልኝ። ብትረዝምም አትቁረጫት።

ወንድምሽ