ሪፖርቱን እኛም እንየው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምሠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የመረጃ አብዮትን፣ ማለትም መረጃን በአግባቡ ሰብስቦ ለውሳኔ መጠቀምን፣ ከአራቱ ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን እኛ ጋ ዛሬም ቁጥር የሚሞላው ወደ ላይ ለመላክ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ሰልፉ ሲበዛ አለቆቻችን «ሐኪም ይጨመርልን» ሊሉ ነበር። አንዲት ነርስ ግን በየታካሚው ካርድ ጥግ ላይ ሰዓት መጻፍ ጀመረች፤ የገባበትን፣ ካርዱ የወጣበትን፣ ሐኪም ዘንድ የቀረበበትን። ለካ ሰው ጠዋቱን ሙሉ የሚቆመው ካርድ ክፍል በር ላይ ነው! አንድ ሠራተኛ እስከ አራት ሰዓት ወደዚያ ተዛወረ። ሰልፉ ቀለለ።

ኃላፊዎች ሆይ፣ እባካችሁ ወርኃዊው ሪፖርት ከመላኩ በፊት እኛው ስብሰባ ላይ ይዘርጋ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጤና ባለሙያ