ባባ፣ ስልኩን ለምን ዘጋህበት?

ባባዬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ? የልብ ኪኒንህን ጠዋት ጠዋት ትውጣለህ ወይስ በርጫው ላይ ይረሳል? ሐኪሙ ጫት ተው ማለቱን ያልሰማሁ መስሎህ ነው። የድሬ ወሬ አቴንስ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም፣ አቦ። እዚህ ያሉ ሐበሾች "አባትሽን እንዴት አንተ ትይዋለሽ?" ይሉኛል። የድሬ ልጅ ነኛ!

ልጁ ደህና ነው። ቁመቱ ጆሮዬ ጋ ደርሷል። ማርች 25፣ በአባቶችህ በግሪኮች የነጻነት በዓል ሰልፍ ላይ ባንዲራ ካጀቡት ልጆች አንዱ እሱ ነበር፤ ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ትዝ ይልሃል፣ በፈረንጆቹ 2000 አንድ የአልባኒያ ልጅ በውጤቱ አንደኛ ወጥቶ ባንዲራ ሊይዝ ሲል ወላጆች ለተቃውሞ ተነሡ የተባለው? የኛን ልጅ ማንም ምንም አላለውም። ወይም እኔ አልሰማሁም። ከሰልፉ በኋላ ባካልያሮውን፣ የበዓሉን ዓሣ፣ ከነነጭ ሽንኩርቱ በላን። እንዳንተ እጅ አልሆነልኝም።

እየዞርኩ እንደሆነ ይገባኛል። ነገሩ የእሑዱ ስልክ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ላይ ስልክ ይዘጋል?

"ፓፑ፣ ስውሩ ትምህርት ቤት አልነበረም" ስላለህ ነው፤ በቱርክ ጊዜ ቄሶች የግሪክ ልጆችን በድብቅ ያስተምሩበት ነበር የሚባለውን። ከኔ የሰማው መስሎህ ይሆናል። ከአስተማሪው ነው። ያ ሳሎን በፍሬም የሰቀልከው የ200 ድራክማ ብር ላይ ያለው ሥዕል፣ ቄሱ በጭላንጭል ብርሃን ልጆቹን ፊደል የሚያስቆጥርበት፣ ሠዓሊው ጊዚስ የሳለው በ1880ዎቹ ነው። ቱርኮቹ ከወጡ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በቱርክ ጊዜ ደግሞ ዮአኒና ከተማም ስሚርናም የግሪክ ትምህርት ቤት በግላጭ ነበረ። ልጁ ይህን ሰምቶ ሮጦ ላንተ ደወለ። ሊያስደስትህ እኮ ነው! ታሪክ የሚወድ ሰው ሌላ ማን አለው?

እኔም በ17 ዓመቴ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ያንን ቀን አንተም ታስታውሰዋለህ። እንግዶች ነበሩ። አንተ ቆመህ ጳጳሱ ጌርማኖስ አያ ላቭራ ገዳም ላይ ባንዲራውን ከፍ አድርጎ በቱርክ ላይ አብዮቱን እንዴት እንዳወጀ ትተርክ ነበር። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ያነበብኩትን ጣልቃ ገብቼ ተናገርኩ። ጌርማኖስ ራሱ በጻፈው ማስታወሻ ላይ ይህን ነገር አላነሣውም። ካላማታ ከተማ በአብዮተኞቹ የተያዘችው ሁለት ቀን ቀድሞ፣ ማርች 23 ነው። 25 በዓል የሆነው በ1838 በመንግሥት ውሳኔ ነው። በኩራት ነበር የዘረዘርኩት። አንተ ለእንግዶቹ ዞረህ ሳቅህና "ግማሽ ደም ምን ያውቃል" አልክ።

እማዬ ቶናውን እየቀዳች ነበር። መቅዳቷን አላቆመችም።

በኋላ ይቅርታ አልጠየቅክም፤ እኔም አላነሣሁትም። ከስድቡ የባሰብኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ? እማዬ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ አድዋ ላይ ተዋጋ ስትል ትስቅባት ነበር። "የኔ እመቤት፣ ምኒልክ መቶ ሺህ ግድም ጦር ነበረው፣ ጣልያን ሃያ ሺህ አይሞላም፤ ፈረሱ ምን አገባው?" ትላታለህ። ልክ ነበርክ። ለሷ ታቦት ቁጥር ታወጣለህ፣ ያንተ ጳጳስ ግን አይነካም። እኔ ማመዛዘንን የተማርኩት ካንተ ነው፣ ባባ። ቤትህ ውስጥ ስጠቀምበት ነው ደሜን የቆጠርክብኝ።

እሺ፣ ይብቃ። ሁሉም ጥፋት ያንተ ነው አላልኩም። እዚህ ከመጣሁ በኋላ አንዳንዱ ነገር ሌላ መልክ አምጥቷል። በፈረንጆቹ 2007 የግሪክ የ6ኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፍ፣ በ1922 ከቃጠሎው የሸሸው የስሚርና ግሪክ ወደቡ ላይ "ተጨናነቀ" ብሎ ስለጻፈ ያ ሁሉ ጩኸት ተነሣ፤ መጽሐፉም ከትምህርት ቤት ወጣ። ጓደኞቼ "ብሔርተኞቹ አሸነፉ" ብለው ተበሳጩ። እኔ ዝም አልኩ። ሴት አያቴ ያያ እሳቱ ከኋላዋ፣ ባሕሩ ከፊቷ ሆኖ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጋ የቆመችበትን ወደብ "መጨናነቅ" ማለት አላስቻለኝም። እዚያ ላይ ካንተ ጋር ነኝ።

የኦክቶበር 28ቱ የእምቢታ በዓልም እንደዚያው። ጣልያን በ1940 ጦሬ ይግባ ሲል፣ የግሪኩ መሪ ሜታክሳስ "ኦሂ" (እምቢ) የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ለጣልያኑ አምባሳደር በፈረንሳይኛ "እንግዲያው ጦርነት ነው" ነው ያለው። ራሱም አምባገነን ነበር። ግን መልሱ እምቢታ ነው፤ ወታደሩም ጣልያንን እስከ አልባኒያ ድረስ መለሰው። አያቴ ድሬ ላይ በጣልያን ባንዲራ ሥር ሆኖ ወሬውን ሲሰማ በር ዘግቶ አለቀሰ ያልከኝን ለልጁ ነግሬዋለሁ። ይህንንም በሚያውቅ ልጅ ላይ ነው ስልኩን የዘጋህበት።

አሁን ደግሞ ስልክ ላይ ማለት ያቃተኝ። ለአጎቴ ልጅ "ግሪክ፣ ሌምኖስ ደሴት ውሰዱና ቅበሩኝ" ማለትህን ሰማሁ።

ባባዬ፣ ግሪክን በዕድሜህ ያየሃት ሁለቴ ነው። እዚህ አቴንስ መቃብር ኪራይ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላ ይቆፈራል፣ አጥንቱ ተለቅሞ በወይን ጠጅ ይታጠባል፣ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ለሳጥኑም ማስቀመጫ ይከፈላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የእናቷ ቀን ደርሶ ፈቃድ ስትጠይቅ ነው ይህን ያወቅኩት፤ እንደዚያን ቀን አስቤህ አላውቅም። ሌምኖስ ላይስ ከኛ ወገን ማን ቀርቶ ሻማ ያበራልሃል?

ድሬ ላይ እማዬ ጎን ያለውን ቦታ የገዛኸው አንተው ነህ። እኔ አስገድጄህ አይደለም። ከፈለግክ የትም እወስድሃለሁ፣ እንኳን ሌምኖስ። ግን እሷን ብቻዋን መተው መሆኑን እያወቅክ እንድትወስን ነው። መልሱን በስልክ አትንገረኝ፤ እቆጣለሁ፣ ከዚያ አለቅሳለሁ። ጻፍልኝ።

እሑድ ልጁ ይደውላል። አንሣው። የያያን ጫማ ነገር ካንተ አፍ መስማት ይፈልጋል፤ የትኛው እግር እንደነበረ እኔ ረሳሁት። የኪኒኑን ማሸጊያ ደግሞ በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ።

ልጅህ