ፒዲኤፍ መላክ ማስተማር አይደለም

ለአዘጋጁ፣

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወደ ኦንላይን መዞሩን ስላወደሰው ጽሑፋችሁ ነው የምጽፈው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ግቢዎችን ሲያዘጋ በግድ የተሞከረው ነገር ዛሬ ሥራ ላይ ላለ ሰው በር ከፍቷል። እሰየው ነው።

ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ብዙ ቦታ ኦንላይን ትምህርት የሚባለው የድሮው የርቀት ትምህርት ሞጁል ስካን ተደርጎ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሲለቀቅ ነው። ገጹ ተጣሞ ስለተነሳ የቀመሩ ግማሽ አይታይም። ተማሪ ይጠይቃል፤ የሚያገኘው መልስ የሌላ ተማሪ «እኔም አልገባኝም» ነው። መምህሩ ብቅ የሚለው የአሳይመንት ማስረከቢያ ሲደርስ ነው። የክፍያ ማስታወቂያው ግን አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የግድ መታለፍ ያለበት የመውጫ ፈተና አለ። ፈተናው ክፍል ገብቶ የተማረውንና በስልኩ የተማረውን አይለይም። ዕዳው ተማሪው ላይ ብቻ ይወድቃል።

የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ ሁለት ነገር ግዴታ ያድርግ። መምህሩ ለእያንዳንዱ ኮርስ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሰዓት በቀጥታ ጥያቄ ይመልስ። ትምህርቱም አንዴ ወርዶ ያለ ኔትወርክ የሚደመጥ አነስተኛ የድምፅ ፋይል ይኑረው፤ በየቀኑ ቪዲዮ ለማየት የብዙዎቻችን ዳታ አይበቃም።

አንድ የርቀት ተማሪ፣ ከደሴ