አባዬ፣ ነርስ አይደለሁም

አባዬ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? የዓይን ጠብታውን ማታ ማታ ትጨምራለህ ወይስ "ዛሬ ደህና ነኝ" ብለህ ትዘለዋለህ? ግላኮማ እኮ ሳያምህ ነው ዓይንህን የሚወስደው። ዶክተሩ ነግሮሃል፣ እኔም እስክሰለችህ ድረስ እነግርሃለሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ቁመቱ ሊደርስብኝ ነው። ኳስ ጀምሯል፣ ግን ከመሮጥ ይልቅ ከዳኛው ጋር መከራከር ይወዳል፤ በማን እንደወጣ አንተ ታውቃለህ። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው "ሰላም አባባ" ስትል ፉጨት ነው የሚወጣት። ባለቤቴም ሰላም ብሎሃል። ስለ አማርኛቸው አትጠይቀኝ፣ ተወው።

ባለፈው ስትደውል የጠየቅከኝን በስልክ መመለስ አልቻልኩም። "ያ የሚያለብሷችሁ ነገር ጥይት ይመልሳል?" አልከኝ። እዚህ ሜሪላንድ ፖሊስ ከሆንኩ ጀምሮ ስለ ሥራዬ አንዲት ቃል ጠይቀኸኝ አታውቅም። ድንገት ስትጠይቀኝ ደነገጥኩና "አዎ አዎ" ብዬ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመርኩ። አሁን ቁጭ ብዬ ልንገርህ።

አባዬ፣ ቬስት ነው የሚሉት፣ ብረት አይደለም። ጨርቅ ነው፣ ብዙ ንብርብር ያለው ጨርቅ። ክሩን ያገኘችው ስቴፋኒ ክዎሌክ የምትባል ኬሚስት ናት፣ ዱፖንት የሚባል የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ፣ በ1965 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። ለመኪና ጎማ የሚሆን ቀላልና ጠንካራ ክር ሲፈለግ ነው ኬቭላር የመጣው። ጥይቱ ሲመታው ክሮቹ ይይዙታል፣ ጉልበቱንም ወደ ጎን ይበትኑታል። አይበሳም ማለት ግን አያምም ማለት አይደለም፤ የጎድን አጥንት ይሰብራል፣ ደረት ያጠቁራል። ሰውየው ግን ቤቱ ይገባል።

ይሄ ሁሉ ግን ለሽጉጥ ነው። ክላሽ ከሆነ ያልፈዋል። ይሄን ከማንም በላይ አንተ ታውቀዋለህ፣ ለዚህም ይመስለኛል የጠየቅከኝ። ለጠመንጃ ከፊትና ከኋላ የሚገባ የሴራሚክ ሰሌዳ አለ፣ ግን ስለሚከብድ ቀኑን ሙሉ አይለበስም። የእኔ መኪናው ኋላ ነው ያለው። ችግሩ ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ሰው "ቆይ ሂጂና ልበሺ" አይልም።

ቬስቱን በጋ ክረምት ከሸሚዜ ሥር ነው የማደርገው። የዚህ አገር የሐምሌ ወበቅ ሌላ ነገር ነው፤ ላቡ ወገብ ድረስ ይወርዳል። ማታ የላይ ሽፋኑን አውልቄ አጥበዋለሁ፣ ውስጡን ግን ውኃ ውስጥ አይነክሩትም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና ተዘርግቶ ይተኛል። ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ያየችው ትንሿ "እማዬ ጀርባዋን አወለቀች" ብላ ለአባቷ ነገረችው። ውስጡ ላይ አንድ ነጭ ምልክት አለ፦ የተሠራበት ቀን፣ የሚመልሰው የጥይት ዓይነት፣ የትኛው ጎን ወደ ገላ እንደሚዞር። አብዛኛውን ጊዜ ዋስትናው አምስት ዓመት ነው። ቀኑን የማያይ ፖሊስ ሞልቷል። እኔ አያለሁ። በ2003 ፒትስበርግ አካባቢ አንድ ፖሊስ የለበሰው ቬስት መመለስ የነበረበትን የሽጉጥ ጥይት አሳልፎበታል። ደግነቱ ሰውየው ተረፈ። የተሠራበት ዛይሎን የሚባለው ክር በሙቀትና በእርጥበት እየደከመ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም መንግሥት ዛይሎን ያለበትን ቬስት ከተፈቀዱት ውስጥ አወጣው። ያ ሰው እኮ አምኖ ነው የለበሰው።

ዋጋውን እስከ ግማሽ ድረስ የፌዴራል መንግሥት የሚሸፍንበት ሕግ ከ1998 ጀምሮ አለ። ገንዘቡን የሚፈልግ ጣቢያ ደግሞ ከ2011 ወዲህ ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ሁሉ የግድ እንዲለብሰው የሚል የጽሑፍ ደንብ ሊኖረው ይገባል፣ ምክንያቱም ሰው ይሞቃል ብሎ ቤቱ ጥሎት ይወጣ ነበር። አንተ ብትሆን አንደኛ የምትጥለው አንተ ነበርክ፣ እንዳትክድ።

ለእኔ መጀመሪያ የሰጡኝ ለወንድ የተሰፋ ነበር። ደረቴ ላይ ይጨፈልቀኛል፣ ብብቴ ሥር ግን እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበረው፤ መሪ ስይዝ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቴን ያንቀኛል። ስናገር አለቃዬ "ትለምጂዋለሽ" አለኝ። አልለመድኩትም። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ተከራከርኩ፣ በልኬ እስኪሠራልኝ ድረስ ፊታቸውን ሲያጠቁሩብኝ ከረሙ። ለሴት የሚሠራው ቬስት እንዴት እንደሚፈተን በደንብ የተስተካከለው እንኳ በ2023 በወጣው ደረጃ ነው። ሴት ፖሊስ ትናንት የመጣች ነው የሚመስለው።

ደግሞ ጥይት ብቻ አይደለም አባዬ። እዚህ አገር በጥይት ከሚሞተው ፖሊስ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ሰው በመኪና ነው የሚሞተው፤ መንገድ ዳር አንዱን አስቁሞ ሲያናግር ሌላው ስልኩን እያየ መጥቶ ይደረምሰዋል። በ2020 እና በ2021 ደግሞ ከሁለቱም በላይ የጨረሰን ኮሮና ነበር። ስለዚህ በጣም የምወደውን ዕቃ ብትጠይቀኝ ያቺ ቢጫ አንጸባራቂ ሰደሪያ ናት። ርካሽ ናት፣ ቀላል ናት። ላንተም አንድ ገዝቻለሁ። ለኪዳን በጨለማ በዚያ አስፋልት ዳር በጥቁር ካፖርት እየሄድክ እንደሆነ እህቴ ነግራኛለች። የመንገዱ መብራት ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው? "ሰው ምን ይለኛል" ብለህ እንዳትጥላት፣ ከነጠላው በላይ አድርጋት።

ላንተስ ፖሊስ ሳለህ ምን ሰጥተውህ ነበር? ዱላ፣ ፊሽካና የዝናብ ካፖርት። ያን ክረምት ሌሊት ግንባርህን በሻሽ ጠምጥመህ ስትገባ እማዬ "ወድቆ ነው" አለችን። ኮፍያህ እኮ ጨርቅ ነበር። ሃምሳ አለቃ ጓደኛህ ከዚያ በኋላ ለምን እንደቀረም የነገረን የለም፤ ልጆቹ ብቻ እኛ ቤት ምሳ መብላት ጀመሩ። ጠየቅኩህ፣ "ሂጂ አጥኚ" አልከኝ። አጠናሁ። ያሳደግከኝ በዚያች ደመወዝ ነው፣ ይሄን አልረሳም።

ግን እማዬ ስታርፍ የሰማሁትም አልወጣልኝም። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ይዤ ከኋላህ ቆሜ ነበር። የዕድሩ ዳኛ "ልጅቷ እዚያ ምን ትሠራለች?" ሲልህ "ሆስፒታል ነው፣ ነርስ ናት" አልከው። ሳትደናቀፍ። ብዙ ጊዜ ያልከው ነገር እንደሆነ ያስታውቅ ነበር። ወዲያው የጥግ ቤቷ እትዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው "ሲስተርዬ ግፊቴን ለኪልኝ" ብለው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። በእማዬ መለኪያ ለካሁላቸው፤ ከፍ ብሎ ነበር፣ ጨው ይቀንሱ አልኳቸው። እናቴን ቀብሬ የመጣሁ ቀን ሲስተር ሆኜ ዋልኩ። ያኔ የሳቅኩት ማልቀሱ ስላለቀብኝ ነው።

አፍረህብኝ ነው? ፖሊስ ሰው ፖሊስ በሆነች ልጁ ያፍራል? ወይስ ፈርተህ ነው? ፈርቶ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፣ አንዳንድ ቀን ግን አልጽናናም።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው አንድ ነገር ለማለት ነው፣ እየዞርኩት ነው። እዚህ በየጊዜው የምናድሰው ቅጽ አለ። አንድ ነገር ብትሆኚ ለማን ይነገር፣ ማን በአካል ሄዶ ይንገር፣ የታመመ ቤተሰብ አለ ወይ ይላል። የባለቤቴ አለ። የወንድሜ አለ። ያንተ ቦታ ባዶ ነው። እዚያ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሌሊት ነው በር የሚያንኳኩት። የሚመጡት ደግሞ እነዚያው የዕድር ሰዎች ናቸው፣ ነርስ ናት ያልካቸው። ምን ብለው ይንገሩህ? እነሱስ ፊትህ ምን ይዋጣቸው? አንተስ የዚያን ዕለት የቱን ታለቅሳለህ፣ የእኔን ነው ወይስ የነርሷን?

ይኸው አልኩት። እንዳትቆጣ። ምንም አልሆንኩም፣ ምንም የመጣብኝም የለም፣ ቬስቴ ገና አዲስ ነው። ግን ለዕድሩ ዳኛ አንድ ቀን ከቤተክርስቲያን ስትወጡ ንገረው። "ልጄ ፖሊስ ናት" ብቻ በለው፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከነገርከው የሱን ስልክ ላክልኝና ቅጹ ላይ አስገባዋለሁ። ካልነገርከውም ንገረኝ፣ ባዶውን እተወዋለሁ።

ሰደሪያዋን፣ ሁለት ጠርሙስ ጠብታና የጉልበት ማሰሪያውን ለባለቤቴ የአጎት ልጅ ሰጥቻለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል። ጠብታውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እህቴን አማክራት። እሁድ ባንተ ምሽት ከአንድ ሰዓት በፊት አትደውል፣ የሌሊት ሺፍት ስለገባሁ እስከዚያ ተኝቼ ነው።

ልጅህ